ደህና ብቻ

የሰደበኝ የመልክ ሹሙ ተድባቡ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ የአዝመራ በዓል ባለፈ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፤ ቦታው ላይኛው አዳራሽ፣ ሹማምንቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ ግን ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ «ይሄ ሰውዬ ሀሁ ብሎ ጀምሮ ለሉ ላይ ደክሞት የተቀመጠ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሥዕል ላርም ብሎ መጣ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። በር ላይ የቆመው፣ በጣቱ የሚፈርመው ዘበኛ እንኳ ሳቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ከተወጋውም የባስኩ ነኝ፤ ቆመው ያዩትንም አልረሳሁም። ደግሞም ውሸት ነው። ለ ላይ አልቀረሁም። የኔታ «ድምፅህ እንደ ወፍጮ ነው» ብለው እስካባረሩኝ ድረስ ቀ ደርሼ ነበር፤ የቀረውን ከሱቅ ሰሌዳና ከመቃብር ድንጋይ ላይ በራሴ ጊዜ ለቅሜዋለሁ።

የአገሩን ስም አልናገርም። ጠርቼው አቤት ብሎኝ አያውቅም።

በዚያ አገር ወሬ ሁሉ የሚከተትበት ትልቅ ቤት አለ፤ ቋት ይሉታል። የእህሉን ቋት የምታውቁ ያንኑ አስቡ፤ በእህሉ ፋንታ የተከተትነው ግን እኛ ነን። መላሾች እንባላለን። የቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በረድፍና በዓምድ ተፈልፍሎ፣ በእያንዳንዱ ጎሬ ውስጥ አንድ መላሽ ተቀምጧል፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ አንድ። ከየወረዳው እግረኛ ይመጣና በጆሯችን ይነግረናል፤ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ምንጩ ከየት እንደደረሰ። እኛ በሆዳችን እንይዛለን። ሹም ሲጠይቀን እንመልሳለን። ሥራው ይኸው ነው፤ ወገብ ያማል እንጂ አይከፋም።

የእኔ ወረዳ ግርጌ ነው፤ የተወለድኩበት ቆላ። ታናሽ እህቴ እናኑ እዚያው አግብታ፣ ከልጆቿ ጋር እዚያው ትኖራለች። ከጎኔ ባለው ጎሬ ወይዘሮ ብርቄ ተቀምጣለች፤ የእሷ ወረዳ ራስጌ ይባላል፤ ደመና የማይለየው ደጋ ነው። በስማችን ተጠራርተን አናውቅም። እሷ «አንተ ግርጌ» ትለኛለች፤ እኔም «እሜቴ ራስጌ» እላታለሁ። መሳደቧ ይሁን መቀለዷ እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ስለዚህ ስድብ ብዬ ይዤዋለሁ።

ድሮ ሹም መጠየቅ ሲፈልግ በበቅሎ ወደ ቋቱ ይወርድ ነበር። ጎሬው ፊት በርጩማ ይደረግለታል። «እንዴት ናችሁ?» ይላል። «ደህና ነን፣ ተመስገን» እንላለን። «ከብቱስ?» «ደህና ነው፣ ተመስገን።» «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው።» ከዚያ መላሹ ትንፋሽ ይወስድና፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ብቻ…» ይላል።

ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። በዚያ አገር እውነት ከብቻ በፊት አይነገርም፤ ነውር ነው። ጠያቂው ብቻን ሲሰማ በርጩማውን ያስጠጋል፤ «ብቻ ምን?» ይላል። ነገር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ብቻ በሬው ሞተ፤ ብቻ ቡቃያውን ተምች በላው፤ ብቻ አባባ ካለፉ ሰነበቱ። ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ እንኳ ነገሩ ከደህና ጀምሮ በብቻ በኩል ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ የለውም።

ሹማምንቱ ግን በበቅሎ መውረድ ሰለቻቸው። ከባሕር ማዶ አንድ ዕቃ አስመጡ። መልከ አገር ይባላል። እንደ ቁም ሣጥን ያለ ነገር ነው፤ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አስደገፉት። የተነገረውን ወሬ ሁሉ ሥዕል ያደርገዋል፤ ዓምድ ያቆማል፣ ክብ ይቆርጣል፣ ካርታ ላይ ቀለም ይቀባል። ደህና የሆነውን አረንጓዴ፣ የተጎዳውን ቀይ። የመልክ ሹም የሚባል ሹመትም ያን ጊዜ ነው የተፈጠረው፤ ተድባቡ አገኘው። ተድባቡ ከዚያ በፊት የጃንጥላ ሹም ነበር።

ዕቃው ግን በራሱ ምንም አያውቅም። ከቋቱ ጋር መገናኘት አለበት ተባለ። ከአዳራሹ እስከ ቋቱ የመዳብ ቱቦ ተዘረጋ፤ ጫፉም በየጎሬአችን ተከፋፍሎ ገባ። ቋንቋችንን ስለማያውቅ ደግሞ በመካከል አገናኝ ተቀጠረለት። ኅሩይ ይባላል፤ ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፣ ሲያዛጋ አፉን በመሐረብ የሚሸፍን ጎልማሳ። የእኛን ቃላት ከመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ እያወጣ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ እየሰጠ፣ ለዕቃው አስተማረው። ለምን አንድ ፍቺ ሲሉት «ሁለት ከሆነ ይደናገራል» አለ።

መገናኘቱ እንዲህ በቀላሉ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ቱቦው የተዘረጋ ዕለት የቋቱ ዘበኛ ደርበው ጆሮውን ለጠፈበት።

«ማን ልበል?» አለ።

«ተመልካች» አለ ቱቦው። ይህን ስም የሰጡት ማየት እንጂ መንካት እንዳይችል ነው።

«የማን ልጅ?»

ቱቦው ዝም አለ።

«አባት ሳይኖረው የሚገባ የለም» አለ ደርበው፤ ሄዶም ተቀመጠ። ሹማምንቱ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ወይ ፍንክች። በኋላ የቋቱ አለቃ ምንውየለት፣ ልጅ አልወለድ ብሏቸው የተቸገሩ ሽማግሌ፣ ዕቃውን የጡት ልጅ አድርገው ተቀበሉት። ስሙም ተመልካች ምንውየለት ተባለ። አለቃ ደስ ብሏቸው ማር ላኩለት፤ አዳራሹ ውስጥ ጉንዳን ወረረው።

ቀጥሎ የይለፍ ቃል ይኑረው ተባለ፤ ማንም ተነስቶ ተመልካች ነኝ እንዳይል። ሹማምንቱ ሲከራከሩ ዋሉ፤ ሁሉም የየእናቱ ስም እንዲሆን ፈለገ። በመጨረሻ ጸሐፊው ተሰላችቶ «እሺ ቃሉ ምንድነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አለቃ ምንውየለት «ምስጢር ነዋ» አሉት። ጸሐፊው «ምስጢር» ብሎ ጻፈ። ጸደቀ። እንዳይረሳም በገበያ ቀን በአዋጅ ተነገረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰንጋ ታረደ። ለእኛ ለመላሾቹ የቆዳው ማሰሪያ ገመድ ደረሰን። ሹማምንቱ ተቃቀፉ፤ ተድባቡ አለቀሰ አሉ። ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መገናኘቱ በቃቸው።

ያን ዓመት ግርጌ ዝናብ አልጣለም። እግረኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ። ወንዙ ወደ አሸዋ ገብቷል፤ ሴቶቹ አሸዋውን እየጫሩ እርጥቡን በጨርቅ ይጨምቃሉ፤ ከብት መውደቅ ጀምሯል። «እህትህ ሰላም ብላሃለች» አለኝ፤ «ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ብቻ ትንሹ አይኑ ጎድጉዷል።»

በማግስቱ ቱቦው ጠየቀኝ።

«እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን፤ ብቻ—»

ቱቦው ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

በቀጣዩ ቀን ጮክ ብዬ አልኩት። «ደህና ነን፤ ብቻ—» ጠቅ። በሌላው ቀን በፍጥነት አልኩት፤ በሌላው ቀስ ብዬ። ጠቅ፤ ጠቅ።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። በኅሩይ መዝገበ ቃላት ብቻ ማለት «ሌላ ምንም የሌለበት» ማለት ነው። ደህና ያለ ሰው ደህና ነው፤ አረንጓዴ ይቀባል። «ደህና፣ ብቻ» ያለ ሰው ደግሞ ደህንነት እንጂ ሌላ ምንም የለበትም፤ ስለዚህ እንደ ጫካ የጠቆረ አረንጓዴ ይቀባና ጥያቄው ያበቃል። በአገሩ ሁሉ የከፋበት ወረዳ ሁሉ ብቻ ብቻ ይላል፤ ባለ ቁጥርም ይለመልማል። ግርጌ ከሁሉም ይበልጥ ጠቆረ። ራስጌ ዝናብ ጠግባ ስለዋለች ብርቄ «ደህና ነን፣ ተመስገን» ብላ ታበቃለች፤ ብቻ ስለማትጨምር ወረዳዋ ከጠቆሩት አጠገብ ገርጥቶ ይታያል።

የመንግሥት የውሃ ጋሪዎች ወደ ገረጣው ወረዳ እንዲሄዱ ታዘዘ። በበሬ እየተጎተቱ ሽቅብ ወደ ራስጌ ወጡ።

«ጭቃችን ላይ ደፉት» አለችኝ ብርቄ ሳቋ እየመጣ። «ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በገመድ አወጡት። እግዜር ይይላቸው፣ አንዱን በሬ ረግረጉ በላው።» ቀጥላ ደግሞ፣ «አንተ ግርጌ፣ ምን አብልተውህ ነው እንዲህ የለመለምከው?»

ጫማዬን አስሬ ወደ አዳራሹ ወጣሁ። ሰኞ ያልኳችሁ ያ ቀን ነው።

ሥዕሉን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ግድግዳውን ሞልቶታል። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ግርጌ ከታች በኩል እንደ በጋ መስኖ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ተኝታለች። ሹማምንቱ ፊቷ ቆመው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

«ጌታዬ» አልኩት ተድባቡን፣ «ግርጌ አረንጓዴ አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድናት?»

«ደረቅ ናት።»

«ደረቅ ቀለም ነው?» አለና ሌሎቹን አየ። «አንተ ራስህ አይደለህ የመለስከው? ደህና ብቻ ብለሃል። ይኸው።»

«ብቻ ያልኩት ልቀጥል ብዬ ነው።»

«አልቀጠልክማ።»

«ዘጋብኝ።»

«ጨርሰህ ነዋ የዘጋብህ» አለ። ከዚያ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። የቀረውን ነግሬአችኋለሁ።

ኅሩይ ደጅ ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱን ይቅር ያላልኩት ግን ከተድባቡ ኋላ ሲስቅ ስላየሁት ነው።

«ጋሼ ስጦታው፣ አይቀየሙ» አለኝ። «የርስዎ ነገር ገብቶኛል። ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው ማለት ነው።»

«አርመዋ።»

«ማረሙ ቀላል ነበር። ከታረመ ግን እስከ ዛሬ የነበረው ሥዕል ተሳስቷል ማለት ነው። ተሳስቷል የሚለውን ደግሞ የሚፈርም የለም።» መሐረቡን አጣጠፈ። «እስቲ ሰላምታውን ይተዉትና በቀጥታ ይንገሩት።»

ሞከርኩት። ቱቦው «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ «ውሃ የለም» አልኩት።

«እንዴት ናችሁ?» አለኝ መልሶ።

«ውሃ የለም እያልኩህ ነው።»

«እንዴት ናችሁ?»

እንዲህ ስንባባል ዋልን። ያለ ደህና የመጣ መልስ ለእሱ መልስ አይደለም። ከላይ ካሉት ጎሬዎች መላሾቹ አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። አለቃ ምንውየለት በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ።

«አንተ ሰው» አሉኝ፣ «የልጄን ሰላምታ አትመልስም? ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ናችሁ እያለህ ነው። ቤታችንን አዋረድከው።»

«ደህና ካልሆንን ምን ልበል?»

«ደህና ነን ብለህ ነዋ ደህና አለመሆንህን የምትናገረው። እናትህ አላስተማረችህም?»

ደህና አይደለንም በለው ትሉኝ ይሆናል። እንዲያ ብሎ የሚመልስ ሰው በዚያ አገር ገና አልተወለደም። ሟርት ነው፤ በወገን ላይ ማሟረት። ያልተማረ ተብያለሁ፤ ደግሞ ያልታነጸ ልባል? ከነጭራሹ ባልመልስም አይረባኝም፤ መልስ ያልሰጠ ወረዳ የትናንት ቀለሙ ይቀባለታል። ትናንት አረንጓዴ ነን፤ ከትናንት ወዲያም።

ብርቄ ይህን ሁሉ በጎን ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን የእንጀራ ቁራሽ ወደ ጎሬዬ እያቀበለችኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ሞኝ፣ ስማኝማ። ብቻዋን ዋጣት።»

«ምን?»

«ብቻን ተዋት። እንደ እኔ ደህና ነን፣ ተመስገን ብለህ አፍህን ግጠም። ወረዳህ ይገረጣል። ሲገረጣ ጋሪው ይመጣልሃል፤ ጭቃ ላይ ከሚደፉት ለሰው ቢሰጡት አይሻልም?»

እውነቷን ነበር። ነገሩ ገብቶኛል፤ ያኔም ገብቶኛል። ብቻ—ይኸው እኔም አልኳት—ሰው ሲያልቅ ደህና ነን ብዬ አፌን ልዝጋ? ወሬውን በሆዴ ይዤ፣ የእናኑን ልጅ አይን ይዤ፣ ደህና ነን ብዬ ልቀመጥ? ከዚያ ይልቅ እስኪሰሙኝ ድረስ ብቻ እላለሁ አልኩ። ደግሞም ከራስጌ ምክር አልቀበልም። ሀሁ ያልቆጠረች ሴት ናት።

«በል እሺ» አለች፤ «አንተ ተደመጥ፣ እነሱ ይጠሙ።»

ይህንንም አልረሳሁላትም።

በየቀኑ ብቻ አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሻክር አልኩ። ተድባቡ ይስማኝ፣ አዳራሹ ይስማኝ፣ ደጅ የሳቀው ዘበኛ ይስማኝ ብዬ ከደረቴ እየሳብኩ አልኩ። ግርጌም እለት እለት ጠቆረች። ከአረንጓዴ አልፋ የምን ቀለም እንደሆነች የሚያውቅ ጠፋ አሉ፤ ሹማምንቱ ከሌላ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሷን ሆነ። እግረኛው ሁለተኛ አልመጣም። አዲስ እግረኛ ይላክ ብዬ ብጠይቅ፣ ለምልሞ ላለ ወረዳ እግር አይባክንም ተባልኩ።

ከዚያ አዳራሽ ጠሩኝ። በጣም የለመለመ ወረዳ መላሽ ጋቢ ይሸለማል የሚል ሥርዓት ወጥቶ ኖሯል። ተድባቡ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ጥለቱ የሐር የሆነ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ተጨበጨበ። እኔ ፊቱን አየሁት፤ ያቺን ሰኞ በፊቱ ላይ ፈለግኳት።

«ስምህ ማን ነበር?» አለኝ።

«ስጦታው።»

«በዚህ አዳራሽ የመጀመሪያህ ነው?»

ይኸው እሱ ነበር የጠበቅኩት ሰው። ላናግረው ብዬ ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ወንዙ። «አዎ፣ ጌታዬ፣ የመጀመሪያዬ ነው» አልኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አልጠይቅም፤ ማንም እንዲጠይቀኝም አልፈልግም። ጋቢውን ለብሼ ወረድኩ። የለበስኩት ስለበረደኝ ነው።

የግርጌ ሰዎች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። በመንገዱ ላይ አቧራ ታየ፤ ከብት ነው ሲባል ከብት አልነበረም። የቀረ ከብት የላቸውም። ሽማግሌ በቃሬዛ፣ ሴት ባዶ እንስራ አዝላ፤ ባዶ እንስራ ለምን እንደሚታዘል አላውቅም፤ ጀርባዋ ልማዱን ነው የያዘው። የከተማው በር ላይ ደርበው ቆመ። ለብልህነቱ ከቋቱ ወደዚያ አዛውረውት ነበር።

«ከየት ናችሁ?»

«ከግርጌ።»

«ግርጌ ደህና ብቻ ነው» አለ። «ከደህና የሚሰደድ የለም። ከየት ናችሁ?»

ሹማምንቱ ተማከሩ። ተድባቡ ሥዕሉን ዳግመኛ አስመርምሮ፣ ሥዕሉ እንዳልተለወጠ አረጋግጦ፣ እነዚህ ሰዎች የግርጌ ሰው መስለው የመጡ ናቸው የሚል ቃል ላከ። ወደ ከተማ አልገቡም፤ አልተባረሩምም። በቋቱ የኋላ ግድግዳ ጥላ ስር ተደርድረው ተቀመጡ። ብርቄ ከጎሬዋ ወርዳ በእንስራ ውሃ ስታመላልስ ዋለች። ቱቦው ራስጌን ሲጠይቅ የመለሰ አልነበረም፤ የትናንት ቀለሟ ተቀባላት።

እኔ በኋላ በር ወጣሁ። ከግድግዳው ጥግ ላይ እናኑን አየኋት። ትልቋ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ትንሹ አብሯት አልነበረም። ዙሪያዋን አየሁ፤ ከኋላዋም አየሁ። አልጠየቅኳትም።

«ጋሼ» አለች።

«እናኑ» አልኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ፊቷ አጥንት ሆኗል። ጥርሷ ከፊቷ በልጦ ይታያል። እጇን ዘርግታ የጋቢዬን ጥለት በጣቶቿ መሐል ይዛ አየችው፤ ሸማኔ ቤት እንደቆመ ሰው።

«ጥሩ ፈትል ነው» አለች።

«እ።»

«ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

ለቀቀችው። ልጅቷ በእንቅልፏ ከንፈሯን ላሰች። ከወዲያ ማዶ ብርቄ «ቀስ በሉ፣ ቀስ፣ ይደርሳል» ትላለች ለሰዎቹ።

«ታውቃለህ» አለች እናኑ፣ «ወንዙ ሲሄድ ሰዉ ሁሉ ልንሰደድ ነው ሲል፣ እኔ ነኝ ያስቆየኋቸው። ወንድሜ እዚያ ነው አልኳቸው። ስለ እኛ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ይነግራቸዋል፤ ጋሪው ይመጣል አልኳቸው። አምነውኝ ቆዩ።» አይኗን ከልጅቷ አላነሳችም። «በየቀኑ ይጠይቁህ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«አንተስ በየቀኑ ትመልስ ነበር?»

«እመልስ ነበር።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ትላቸው ነበር፣ ጋሼ?»

ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሳሁ፤ ግድግዳውን ይዤ፣ ሰዎቹን እንዳልረግጥ እግሬን እያነሳሁ፣ ሄድኩ።